የጀልባዬ መሪ ዘይት ይጠጣል፤ የት እንደሚያደርሰው ግን አላወቅኩም

ዋናው ጥያቄ (የእኔ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባጭሩ ልሞክር፣ ካልተሳካልኝ ይቅርታ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ ዉድብሪጅ ነው። ባለፈው ዓመት አሮጌ ጀልባ ገዛሁ። 21 ጫማ ናት፣ ኋላዋ ላይ 150 የፈረስ ጉልበት ሞተር ተሰቅሎላታል። መሪዋ ሃይድሮሊክ ነው። ከመሪው ጀርባ ትንሽ ፖምፓ አለ፤ ከፖምፓው ሁለት ቱቦ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሞተሩ ፊት ያለው ሲሊንደር ደግሞ ሞተሩን ግራና ቀኝ ይገፋል። እስካለፈው እሑድ ድረስ ከዚህ በላይ ማወቅ አላስፈለገኝም ነበር።

እሑድ ከሊሲልቫኒያ ፓርክ ወርደን ፖቶማክ ወንዝ ላይ ዋልን። ስንመለስ መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ፣ ጀልባዋ ዝም። ደግሜ አዞርኩ፣ ከቆይታ በኋላ እንደ መተኛት ብላ ዞረች። ድሮ ከዳር እስከ ዳር 5 ዙር ነበር፤ አሁን 7 አልፎም አይቆምም፣ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ጀልባው ላይ የጓደኛዬ ሁለት ልጆች አሉ። ፍጥነት ቀንሼ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ በእግር ከሚሄድ ሰው ባልፈጠነ አካሄድ መውጫው ደረስኩ።

ከግንቦት ወዲህ ሁለቴ ዘይት ጨምሬበታለሁ። ወለሉ ደረቅ ነው። ሲሊንደሩ ላይም ሲንጠባጠብ አላየሁም። ከመሪው ጀርባ ግን በእጄ ስዳብስ ቀይ ዘይት ያዘኝ። አንድ ጥገና ቤት ፎቶ ብቻ አይቶ ፖምፓውም፣ ሲሊንደሩም፣ ቱቦውም ይቀየር ብሎ ከ2,000 ዶላር በላይ ጠየቀኝ። ፖምፓው ሞቷል? ወይስ ዘይት እየጨመርኩ በጋውን ልግፋ?

ይህን የለጠፍኩት በፍልሰታ ሰሞን ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ 23 መልስ መጣ። ቁም ነገሩ ከቀልዱ፣ ቀልዱ ከስድቡ ተደባልቋል። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር መጨረሻው ምን ሆነ እያለ ስለጠየቀኝ፣ ማን ምን እንዳለ በተራ ልንገራችሁ።

መልስ 1

የባልቲሞር ሰው ነው፣ ትሑት። መልስ ከመስጠት ይልቅ ጥያቄ ጠየቀኝ። ዘይቱ ምን ይመስላል? ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ከጠቆረ የቱቦው የውስጥ ጎማ እየተበላ ሊሆን ይችላል። የእኔ ጥርት ያለ ቀይ ነው። መሪው ይከብዳል ወይስ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል? ይለሰልሳል። እንግዲያው አየር ነው አለ። ዘይት አይጨመቅም፣ አየር ግን ይጨመቃል፤ መሪውን ስታዞር አየሩን ነው የምትጨምቀው፣ ሞተሩ ጋ የሚደርስ ግፊት የለም። አየሩ የገባው ደግሞ ዘይቱ ስለጎደለ ነው። ከዚያ ክሩን (ውይይቱን) በሙሉ የያዘውን ነገር ጣል አደረገ፦ ዘይት አይተንም። ከጎደለ የሆነ ቦታ ወጥቷል። መጀመሪያ መውጫውን ፈልግ፣ መጨመሩ ይደርሳል አለኝ።

መልስ 2

አንድ ጋሼ መጡ። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ 30 ዓመት የሠሩ፣ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ልጆቻቸው ጋ ያሉ ናቸው። ነገሩን ከፍሬን ጋር አመሳሰሉት፤ ፍሬን አየር ሲገባበት ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ ደጋግመህ ስትረግጥ ደግሞ ይይዛል፣ ያንተም መሪ ያው ነው አሉ። እስከዚህ ድረስ ማንም ሊያስተካክላቸው የሚችል አልነበረም። ችግሩ የመጨረሻዋ መስመር ነበረች። የጀልባው ዘይት ከተወደደብህ የፍሬን ዘይት ጨምርበት፣ ሥራው አንድ ነው አሉ።

መልስ 3

የሲያትሉ ልጅ ጀልባ ጥገና ላይ ነው የሚሠራው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። የፍሬን ዘይት የሚያስገባ ሰው ጀልባውን ከነመሪው ይጣለው ዓይነት ነገር ተናገረ። ምክንያቱ ግን ትክክል ነው። የተለመደው የመኪና ፍሬን ዘይት፣ ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባለው፣ መሠረቱ ግላይኮል ነው። የጀልባ መሪ ጎሚኒዎች፣ ዘይቱ እንዳያፈስ የሚያግዱት የጎማ ቀለበቶች፣ የተሠሩት ለማዕድን ዘይት ነው። ግላይኮል ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ፣ በመጨረሻ ይበጣጠሳሉ። የሚያስፈልገው ቀጭኑ የጀልባ መሪ ዘይት ወይም የአውሮፕላን ሃይድሮሊክ ላይ የሚገባው ባለ 5606 ቁጥሩ ቀይ ዘይት ነው አለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ጋራዥ ውስጥ መሸበት እንጂ መማር አይደለም የሚል ነገር ጨመረበት። ሽማግሌን እንዲህ አይናገሩም። እኔም ጻፍኩለት፣ ሌላም ሁለት ሰው ጻፈለት።

መልስ 4

ጋሼ ተመለሱ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ ልጁ እውነቱን ነው አሉ። ድሮ አንድ ሲትሮይን ዲኤስ መኪና ገብቶላቸው ነበር፣ ያ በሃይድሮሊክ ከፍ ዝቅ የሚለው። አረንጓዴው የማዕድን ዘይት ነው የሚገባበት። ባለቤቱ አረንጓዴውን አጥቶ የፍሬን ዘይት ሞላበት። እሳቸው ሲፈቱት ጎሚኒዎቹ እንደ ረጠበ ዳቦ አብጠው፣ በካቻቢቴ ጫፍ ሲነኳቸው እየተቆረሱ ወጡ። ይህን እያወቅኩ ለጀልባ አላሰብኩትም ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ለሲያትሉ ልጅ ደግሞ አባትህ የት አገር ሰው ናቸው ብለው ጠየቁት። ቁጣ ይሁን ትውውቅ እስካሁን አልገባኝም።

መልስ 5 እና 6

ሁለቱም ፖምፓው ሞቷል ባዮች ናቸው። ከመሪው ጀርባ እርጥብ ካለ አለቀ፣ የፖምፓው ዘንግ ላይ ያለው ጎሚኒ ነው፣ አዲስ ግዛ። ስድስተኛው የሚገዛበትን ቦታ ሊንክ ጭምር ሰጠኝ። እውነት ለመናገር ካርዴን አውጥቼ ነበር።

መልስ 7

ካርዴን ወደ ኪሴ የመለሰው ይሄ ነው። ዱባይ ማሪና ውስጥ ጀልባ ላይ የሚሠራ ልጅ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ ዘይቱን ስትጨምር እስከ አፉ ሞላኸው ወይ? አዎ፣ ግንቦት ላይ በማለዳ፣ አየሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ እስከ ጢሙ ነው የሞላሁት። እንግዲያው የፖምፓው ክዳን ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ አለ፤ ዘይቱ ፀሐይ ሲመታው ይለጠጣል፤ ቦታ ካጣ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል፤ እኛ ጋ በበጋ እግራችን ላይ ነው የሚፈሰው አለ። ከአፉ ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ መተው ነው። ፎቶዬንም አጉልቶ አይቶት ኖሯል። እርጥበቱ ከክዳኑ ወደ ታች የወረደ መስመር ነው፣ ዘንጉ ዙሪያ ደረቅ ነው አለ። ሄጄ አየሁ። እውነቱን ነው። ሁለት ሰው በስህተት የቀበረው ፖምፓ ደህና ነበር።

ግን ይሄ የሚያስረዳው በክዳኑ የፈሰሰውን ማንኪያ ሙሉ ዘይት ብቻ ነው። የእኔ የጎደለው ከዚያ ይበዛል።

መልስ 8

አናፖሊስ ያለች እህት ናት፣ ከባለቤቷ ጋር ጀልባቸውን ራሳቸው ያድሳሉ። ከሁሉም መልስ እኔ የምወደው ይሄን ነው። ሁሉንም መገጣጠሚያ በጨርቅና በሳሙና አጽዳ፣ አድርቅ። ከዚያ ነጭ ሶፍት ቀድደህ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ጠቅልል፤ ፖምፓው ጀርባ ሁለት፣ ሲሊንደሩ ላይ ቱቦ የሚገባበት ሁለት፣ ዘንጉ ከሲሊንደሩ የሚወጣበት ግራና ቀኝ ሁለት። ጀልባው ተጎታቹ ላይ እያለ መሪውን እስከ ዳር አዙረህ ጨክነህ ያዘው፣ ከዚያ ወደ ሌላው ዳር። አሳድረው። ጠዋት ቀይ የሆነውን ሶፍት ታየዋለህ፣ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግህም። ውሃ ላይ ለምን እንዳላየሁትም ነገረችኝ፤ ሲሊንደሩ ኋላ ስለሆነ ማዕበሉ እያጠበ ይወስደዋል።

መልስ 9

የባሕር ዳር ጀልባ ነጂ ነው። ሰው ወደ ዘጌ ገዳማት ያመላልሳል። የእሱ መሪ በሽቦ ገመድ ነው የሚሠራው፣ ዘይት የለው፣ አየር የለው። ሃይድሮሊክ ትርፍ ጣጣ ነው አለ። ቀጥሎ ግን የእሱም ገመድ ካቻምና ዝጎ ከነሽፋኑ ደርቆ ተያዘና ደብረ ማርያም ደሴት አጠገብ በመቅዘፊያ እንደተመለሰ አወራን። ስለዚህ ክርክሩን ራሱ አፈረሰው። ጣና ላይ መሪ የሚያከብደው ግማሹ እንቦጭ ነው፤ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ሰው መሪው ተበላሸ ይላል አለ። ለማንኛውም ከክሩ ውስጥ ሰው ጭኖ የሚኖር እሱ ብቻ ነው፣ አነጋገሩም ያስታውቃል። ከመነሳቱ በፊት በየቀኑ መሪውን ሁለቴ ዳር እስከ ዳር ያዞራል። እኔ ያንን እንኳ አላደርግም ነበር።

መልስ 10 እና 11

አሥረኛው እኛ አገር ነዳጅ በሰልፍ ነው፣ እናንተ ስለ መዝናኛ ጀልባ ታለቅሳላችሁ አለ። አሥራ አንደኛው እንግዲያው ስለ ነዳጅ የሚወራበት ሂድ አለው። ለሁለቱም አልመለስኩም። አሥረኛው ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፣ ትንሽ ነክቶኛል።

መልስ 12፣ 13፣ 14 እና 15

እዚህ ጋ ነገሩ መስመር ሳተ። አንዱ ፖቶማክ ላይ ምን ትይዛለህ አለኝ። አምባዛ፣ ሰማያዊ የሚባለው ትልቁ ዓይነት፣ ከሌላ ቦታ መጥቶ ወንዙን የወረረው ብዬ መለስኩ። ይኸው ጀመረ። በፍልሰታ ዓሣ? አሥራ ሦስተኛው ዓሣ በጾም አይበላም አለ፤ አሥራ አራተኛዋ አያቷ ይበሉ እንደነበር ተናገረች፤ አሥራ አምስተኛው አያትሽ ሕግ አይደሉም አላት። በመጨረሻ ክሩን የሚጠብቀው ሰው ይህ ስለ መሪ ዘይት ነው ብሎ የጾሙን ክርክር ዘጋው። እኔ ይዤ እለቀዋለሁ ብል ማንም አያምነኝም።

መልስ 16

ሌላ ሰው የራሱን ችግር ይዞ ገባ። የእሱ መሪ አይለሰልስም፣ ወደ ግራ ይከብደዋል፣ ወደ ቀኝ ቀላል ነው። የሲያትሉ ልጅ ይሄኛውን በትዕግሥት ነው የመለሰለት። በአንድ ወገን ብቻ ከከበደ ዘይቱን አትንካ አለው። ከፕሮፔለሩ በላይ፣ ከጠፍጣፋው ብረት ሥር፣ ትንሽ ክንፍ አለች፣ በአንድ ቡሎን የታሰረች። መሪው ወደ ቀኝ ከቀለለ የክንፏን የኋላ ጫፍ ትንሽ ወደ ቀኝ አዙራት፣ ሞክር፣ ደግመህ አስተካክል። በሁለቱም ወገን ከከበደ ደግሞ ሲሊንደሩን ከሞተሩ ለይና ሞተሩን በእጅህ ግፋው። በእጅህም ከከበደህ ጥፋቱ የሞተሩ መዞሪያ ግራሶ መድረቁ ነው፣ ሃይድሮሊኩን በከንቱ አትክሰሰው አለ። ሰውየው ክንፏን አዙሮ በማግስቱ አመሰገነ።

መልስ 17

የአናፖሊሷ እህት ተመለሰች። ስለ መሪ ስናወራ ስለ ገመዷ ማንም አላነሳም አለች። ነጂው ሲወድቅ ተነቅላ ሞተሩን የምታጠፋዋ ቀይ ገመድ፣ ነጂው ወገቡ ላይ ወይም እጁ ላይ የሚያስራት። በፍጥነት እየሄድክ መሪው ከለቀቀህ ጀልባው በራሱ ይሽከረከራል፣ አንተ ተወርውረህ ትወድቃለህ፣ ጀልባው ክብ እየሠራ ወደ አንተ ይመለሳል። አሜሪካ ውስጥ ከ26 ጫማ በታች በሆነ ጀልባ ላይ መሣሪያው ካለ ማሰር ግዴታ ነው፣ ከኤፕሪል 1፣ 2021 ጀምሮ። የእኔ ገመድ የት ነበረች? የመሪው ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ፣ ከፀሐይ ቅባት ጋር። ይህንን ስጽፍ አፍሬያለሁ።

መልስ 18

የእኔ ነው። ሶፍቱን አሳደርኩት። ጠዋት ቡናዬን ይዤ ወጣሁ። ፖምፓው ጋ ነጭ፣ ቱቦዎቹ ጋ ነጭ፣ በቀኝ በኩል ዘንጉ ላይ ነጭ። በግራ በኩል ሶፍቱ የሳንቲም ያህል ቀልቷል። ዘንጉን በጨርቅ ጠርጌ ጥፍሬን በቀስታ ጎተትኩበት። አንድ ቦታ ላይ ያዘኝ። በዓይን የማይታይ ጭረት ነው፣ ፀጉር ያህል። የደረቀ ጨውና አሸዋ ዘንጉ ላይ ተጋግሮ ሲሊንደሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሲፍቀው የኖረ ይመስለኛል። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ቼሳፒክ ላይ፣ ጨው ባለበት የባሕር ወሽመጥ፣ ነበር የሚያሠራት፤ እኔም ብሆን አንድ ቀን በንጹሕ ውሃ አጥቤው አላውቅም።

መልስ 19

ጋሼና የሲያትሉ ልጅ እንደገና ተያያዙ፣ በዚህ ጊዜ በአክብሮት፣ ልጁም አንቱ ማለት ጀምሯል። እሱ ጥፍር ከያዘ ዘንጉ ይቀየር፣ አለዚያ አዲሱን ጎሚኒ ያው ጭረት ይቆርጠዋል አለ። እሳቸው ጭረቱ ጥልቅ ካልሆነ በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀትና በዘይት ይለሰልሳል፣ ግን ወረቀቱን ዘንጉ ዙሪያ እንጂ በቁመቱ እንዳትፈገፍገው አሉ። በቁመቱ ከፈገፈግከው ለዘይቱ መንገድ ቀደድክለት ማለት ነው። እኔ የእሳቸውን መረጥኩ። እውነቱን ለመናገር ርካሹ እሱ ስለሆነ ነው። ቅዳሜ ራሳቸው መጡ፤ የሲሊንደሩን ጫፍ መፍቻ ከአሮጌ ብረት በይደው ሠርተው ነበር። ሁለቱንም ጎሚኒ ቀየርን፣ ቀኙ ባያፈስም።

መልስ 20

አየር አወጣጡን የባልቲሞሩ ሰው ነው የጻፈልን። እንደሠራነው ላስቀምጠው። ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ አንድ መሪው ላይ፣ አንድ ኋላ። የዘይቱን ጠርሙስ በቀጭን ቱቦ ከፖምፓው አፍ ላይ አስረህ ዘቅዝቀው፣ ቂጡን ብሳው፣ ምንጊዜም ዘይት ይኑርበት። ካለቀ አየር ትስባለህ፣ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። መሪውን ወደ ቀኝ እስከ ዳር አዙር። ኋላ ያለው ሰው በቀኝ በኩል ያለውን የአየር ማውጫ ቡሎን ይፍታ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ያስገባበትና ጫፉን ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ይክተት። ሲሊንደሩ እንዳይንቀሳቀስ በእጁ ይያዘው። አንተ መሪውን በቀስታ ወደ ግራ አዙር፣ አረፋ የሌለው ዘይት እስኪመጣ። ማዞርህን ሳታቆም ቡሎኑ ይጠበቅ። ከዚያ ያንኑ በግራ በኩል፣ ተገላቢጦሽ። እኛ ሁለት ጠርሙስ ጨረስን፣ እያንዳንዱ ሊትር አይሞላም። ጋሼ ኋላ ተቀምጠው አረፋ፣ አረፋ፣ ቆይ፣ አረፋ እያሉ ሲጮኹ ጎረቤቴ በመስኮት ያየን ነበር። መጨረሻ ላይ መሪው ዳር ደርሶ ገጭ ብሎ ቆመ። 5 ዙር።

መልስ 21

ከሁለት ሳምንት በኋላ የጻፍኩት ነው። ዘይቱን ከአፉ ዝቅ አድርጌ ትቼ፣ የማስቲካ ወረቀት በመጠን ቀድጄ እየከተትኩ ነው የምለካው። አልጎደለም። ሶፍቱም ነጭ ነው። የሲያትሉ ልጅ ግን አላመነም፤ በሚቀጥለው በጋ ዘንጉ ይመለስብሃል፣ ያኔ ጻፍልኝ አለ። ሊሆን ይችላል።

መልስ 22

አዲስ ሰው። ከላይ ያለውን አንድም አላነበበም። መሪዬ ለስልሷል፣ ቤት ውስጥ ያለኝ የፍሬን ዘይት ነው፣ ይሠራል ወይ አለ።

መልስ 23

ጋሼ ናቸው። ማንም ሳይቀድማቸው፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ። ከሲያትሉ ልጅ የባሰ ቆጡት፤ ሲትሮይኗንም እንደገና ከሥሯ ተረኩለት።